የቫይታሚን ቅርጫ

ስለ ፊቴ ላጫውታችሁ ነው። ሰው ሁሉ በትልልቅ ጉዳይ በሚጨነቅበት ጊዜ ስለ ጉንጭ ማውራት ነውር መሆኑ አይጠፋኝም። ግን በትልቅ ጉዳይ የሚጨነቀውም ሰው ጠዋት ሲነሣ መጀመሪያ የሚታጠበው ፊቱን ነው።

እኔ ጠይም ነኝ። ከአፍንጫዬ ግራና ቀኝ ያሉት ጉንጮቼ ግን ሌላ እናት የወለደቻቸው ይመስል ይቀላሉ። ትኩስ ሻይ ስጠጣ ይቀላሉ። ቃሪያ ስነክስ ይቀላሉ። መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ፀሐይ ስታገኘኝ ይቀላሉ። አለቃዬ ሲጠራኝ ይቀላሉ፤ ሳይጠራኝ ውሎ «ዛሬ ምነው ዝም አለኝ?» ብዬ ሳስብም ይቀላሉ። አንድ ሰው «ውይ፣ ፊትህ ምን ሆነ?» ካለኝ ደግሞ ነገሩ ወደ ጆሮዬ ይዛመታል። መቅላት ብቻ ቢሆን በተቻለ ነበር። ያቃጥላል፣ ይበላል፣ አልፎ አልፎም ብጉር መሳይ ነገር ያወጣል፤ በዚህ ዕድሜዬ፣ የሁለት ልጆች አባት ሆኜ።

በእኛ አገር ደግሞ ፊቱ የቀላ ጎልማሳ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው። የምሠራው ቦሌ መንገድ ላይ የአውሮፕላን ትኬት የሚሸጥ ትንሽ ቢሮ ውስጥ ነው። የሕንጻው ጥበቃ ጠዋት ሰላም ሲለኝ ድምፁን ዝቅ ያደርግና «ጌታዬ፣ በባዶ ሆድ አንድ ሎሚ ይሞክሩ፤ ቀጥ ነው የሚያደርገው» ይለኛል። አንድ ጊዜ ዱባይ የሚሄድ ደንበኛ ትኬቱን ከቆረጥኩለት በኋላ ፊቴን አየ፣ ትኬቱን አየ፣ «የበረራው ቀን ልክ ነው?» አለኝ። ልክ ነው አልኩት። አመስግኖኝ አጠገቤ ወዳለችው ባልደረባዬ ወደ ሰናይት ሄደና እንደገና ጠየቃት። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይሄ ነው። እኔ መጠጥ ከተውኩ ቆይቻለሁ፤ ስጠጣም ቢሆን አንድ ቢራ ከጓደኛ ጋር የምካፈል ሰው ነበርኩ።

ሐኪም ቤት አልሄድክም ወይ እንዳትሉኝ፣ ሄጃለሁ። አንዲት ወጣት የቆዳ ሐኪም ጉንጬን በአጉሊ መነጽር አገላብጣ አየችና «ሮዛሲያ ይባላል» አለችኝ። ከምን እንደመጣ ስጠይቃት «መነሻው በእርግጠኝነት አይታወቅም» አለች። ሰው ካርድ አውጥቶ፣ ወረፋ ጠብቆ፣ «አይታወቅም» ሲባል ምን እንደሚሰማው እናንተም ታውቁታላችሁ። የሚቀባ መድኃኒትና የፀሐይ መከላከያ ቅባት አዘዘችልኝ። ቅባቱ ሥራውን የሚያሳየው ቀስ ብሎ ስለሆነ እንዳላቋርጥ፣ ከበርበሬ፣ ከትኩስ ነገር፣ ከፀሐይ፣ ከመጠጥና ከጭንቀት እንድርቅ ነገረችኝ። አዲስ አበባ እየኖረ ከጭንቀት የሚርቅ ሰው ወዴት ሄዶ እንደሚርቅ ግን አልነገረችኝም።

«ክኒን የለውም? ቫይታሚን ምናምን?» አልኳት።

«ጉድለት እንዳለብህ ሳይታወቅ ቫይታሚን መቃም ጥቅም የለውም። አንዳንዱ እንዲያውም ያባብስብሃል» አለች።

እኔ ከዚህ ሁሉ ንግግር ለይቼ የሰማሁት «ቫይታሚን» የሚለውን ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ መቀመጥ አልቻልኩም። የቆመ መኪና መስታወት ካየሁ ጎንበስ እላለሁ። የካፌ መስኮት ካገኘሁ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ረስቼ ጉንጬን እመረምራለሁ፤ አንዲት ሴትዮ እሷን ያየኋት መስሏት ወንበር ቀይራለች። ቢሮ ውስጥ የስልኬን ካሜራ ወደ ራሴ አዙሬ እያየሁ ስለምውል ሰናይት «ቪዲዮ ትሠራለህ እንዴ?» ብላኛለች። ሳየው ይቀላል፤ ሲቀላ አየዋለሁ።

እንዲህ እየተቅበጠበጥኩ ሳለ ነው ታናሽ ወንድሜ ናቲ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሰሚት ወዳለው የኮንዶሚኒየም ቤታችን የመጣው።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርህ ነበር፤ ግን እንዳትቀላ» አለኝ።

ይህን ካለ በኋላ ምን ቀረ፤ ቀላሁ።

ናቲ አባታችን ከሞተ በኋላ በእኔ እጅ ያደገ ልጅ ነው። የመጀመሪያ ቀን ትምህርት ቤት የወሰድኩት እኔ፣ ሲመረቅ ከእናቴ ብሼ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ሌንሴ የምትባል ልጅ ይወዳል፤ እሷም ትወደዋለች። አባቷ አቶ ፈይሳ ሰሚት ሰሚት ሳይባል እዚያው ጤፍና ስንዴ ያርሱ የነበሩ ሰው ናቸው። ምናልባት መኝታ ቤቴ ያለበት ቦታ ላይ በሬ ጠምደው ይሆናል፤ እኔ አራተኛ ፎቅ ላይ ስለሆንኩ ከእርሻው ትንሽ ከፍ እላለሁ እንጂ። አሁን በቀረቻቸው ግቢ ላይ ቤት ሠርተው ያከራያሉ። በዓለም ላይ አምርረው የሚጠሉት አንድ ነገር መጠጥ ነው። ታናሽ ወንድማቸው ለመሬቱ የተሰጠውን ካሳ ይዞ መጠጥ ቤት እንደገባ ሳይመለስ ነው የሞተው። ከዚያ ወዲህ እሳቸው ግቢ ለክርስትና እንኳን ጠላ አይጠመቅም።

«አባቷ አይተውሃል» አለኝ ናቲ።

«የት?»

«ሰሚት፣ ከታክሲ ስትወርድ። በጠራራ ፀሐይ። ሰው ‹ያ የናቲ ታላቅ ወንድም ነው› ብሎ አሳያቸው።»

«እና?»

«እና... ‹የሚጠጣ ቤት ልጄን አልሰጥም› ብለዋል። ሌንሴ ስታለቅስባቸው ነው ትንሽ የለዘቡት። ሽማግሌ ስትልኩ ታላቅ ወንድሙ ራሱ ይምጣ፣ ፊቱን በቅርብ ልየው ነው ያሉት።»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ፈራሁ። የወንድሜ ትዳር እኔ ጉንጭ ላይ ተንጠልጥሎ ሊቀር ነው። ባለቤቴ ትርሲት ነገሩን ሰምታ «ሐኪሟ ያዘዘችልህን ቅባት በሥርዓት ተቀባ፣ ቃሪያህን ተው፣ ኮፍያ አድርግ። ሰውየውንም እውነቱን ንገራቸው» አለችኝ። ትርሲት ሁልጊዜ ልክ ናት፤ ለዚህ ነው ምክሯን መስማት የሚከብደኝ። ሽማግሌ የሚላከው ከሁለት እሑድ በኋላ ነው፤ ቅባት ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። ሐኪሟን ደውዬ መጠየቅ ስችል እንደ ሞኝ ቫይታሚን ፍለጋ ወጣሁ።

ፍለጋ ማለቴ ራሱ ለወጉ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቫይታሚን ፈልጎ ያጣ ሰው የለም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ሲከፈት ከጫማውና ከሽቶው ቀጥሎ የሚወጣው እሱ ነው። ማን እንደታመመ፣ ምን እንደጎደለው የሚጠይቅ የለም፤ የመጣ ነገር ይበላል። የቀረው ቡፌው ላይ ከሠርግ ፎቶው አጠገብ ይቀመጣል። «ፊቴን እንዲህ እያደረገኝ» ማለት ስጀምር ከየቤቱ ይዘንብልኝ ጀመር።

መጀመሪያ ሰናይት ዚንክ ሰጠችኝ። «የእህቴን ብጉር ድራሹን ነው ያጠፋው» አለች። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንዲሉ፣ በማግስቱ ጠዋት ቁርስ ሳልበላ ዋጥኩና ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ገርጂ ስንደርስ ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ተገለበጠ። «ወራጅ አለ!» ብዬ ጮኼ መኪናው በደንብ ሳይቆም ወረድኩና የአጥር ሥር ይዤ አስመለስኩ። ረዳቱ በሩን ይዞ በሐዘኔታ አየኝና «ጋሼ፣ እሺ ማታ ማታ ይሁን፤ ጠዋትስ?» አለኝ። ተሳፋሪው ሁሉ በመስኮት ያየኛል። ከእነሱ መካከል የአቶ ፈይሳ ዘመድ ቢኖርስ ብዬ ፊቴን በጃኬቴ ሸፈንኩ።

ቀጥሎ ጋሽ መኮንን መጡ። ጋሽ መኮንን ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጡ መምህርና የሽምግልናው ዋና ተናጋሪ ናቸው። ጉዳዩ የእሳቸውም ክብር ስለሆነ ልጃቸው የላከችላቸውን ቢ ኮምፕሌክስና የዓሣ ዘይት ይዘውልኝ መጡ። ቢ ኮምፕሌክሱ ሽንቴን ብርቱካን ጭማቂ አስመሰለውና አንድ ቀን ሙሉ ጉበቴ አለቀ ብዬ ስንቆራጠጥ ዋልኩ። የዓሣ ዘይቱ ደግሞ ባገሳሁ ቁጥር ሐይቅ ዳር ያለሁ ያስመስለኛል። ረቡዕ ደረሰና ሌላ ጣጣ መጣ፤ ጾም ነው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የንስሐ አባታችን ስለሆኑ ደወልኩላቸው።

«አባ፣ የዓሣ ዘይት ክኒን በጾም ይዋጣል?»

«ለሕመም ከሆነ መድኃኒት ነው፣ ይዋጣል። ለቁንጅና ከሆነ ምግብ ነው፣ አይዋጥም።»

«ለሽምግልና ከሆነስ?»

«እሱን እሑድ እናያለን» ብለው ዘጉት።

በዚህ ሁሉ መሐል ጉንጬ አልነጣም። ብሶበታል ማለት ይቻላል፤ በየሰዓቱ መስታወት ስለማይ ይሁን፣ ክኒኖቹ ሆዴ ውስጥ ስለተጣሉ ይሁን አላውቅም። እንቅልፌ ሸሸ። እሑድ ሁለት ቀን ሲቀረው ላምበረት፣ አውቶቡስ ተራው አካባቢ ወደምትኖረው አክስቴ ወደ እትዬ በላይነሽ ሮጥኩ። ልጇ ከውጭ መጥታ በቅርቡ ነው የተመለሰችው፤ ስለዚህ ቤቱ ሙሉ ነው ማለት ነው።

እትዬ በላይነሽ ዘመድ አታበላልጥም። የመጣውን ቫይታሚን ሁሉ ሰፌድ ላይ ዘርግፋ፣ ልክ እንደ ቅርጫ ሥጋ መደብ መድባ ታከፋፍላለች። ከነጩ እኩል፣ ከቢጫው እኩል፣ የፈረስ ክኒን ከሚያክለው እኩል፤ ማንም ቅር እንዳይለው። የእኔ መደብ በፌስታል ተቋጥሮ ይጠብቀኝ ነበር።

«ይሄ ትልቁ የምንድን ነው እትዬ?»

«የአጥንት ነው መሰለኝ። ወይ የፀጉር።»

«ዕቃውን አምጪልኝ፣ ላንብበው።»

«ዕቃውንማ በርበሬ አደረግሁበት። ግጥም አድርጎ ይዘጋል እኮ!»

እውነትም መደርደሪያው ላይ ባለ ጽሑፍ ዕቃዎች በርበሬ፣ ሚጥሚጣና ኮረሪማ ተሞልተው ተሰልፈዋል። እኔን የከለከሉኝ ነገሮች ሁሉ የመድኃኒት ዕቃ ውስጥ ገብተው፣ መድኃኒቱ ፌስታል ውስጥ ነው።

«ለፊት የሚሆነው የትኛው ነው?» አልኳት።

ፌስታሉን በረበረችና ትንንሽ ነጭ ክኒኖች መረጠችልኝ። «ይቺ ናት። ‹ደም ታዘዋውራለች› ብላኛለች ልጄ።»

«አንቺ ወስደሻታል?»

«እኔ አሮጊቷ ምን ያደርግልኛል? ለእናንተ ለልጆቹ ነው እንጂ።»

ነጯን ለእሑድ አስቀመጥኳት። ደም የምታዘዋውር ነገር ፊት ላይ የተሰበሰበውን ደም ወደ እግሬ ትወስድልኛለች ብዬ ነው ያሰብኩት። አስቡት፣ ይህን ያሰበ ሰው በየቀኑ ለሕዝብ የበረራ መስመር ያወጣል።

እሑድ ደረሰ። ከቅዳሴ መልስ ሸሚዝ ስቀይር፣ ክራቫት ሳስር ስፈታ፣ ከሳሎን መታጠቢያ ቤት ስመላለስ ትርሲት «አንተ ሰውዬ፣ ወለሉን ጨረስከው» አለችኝ። ደግነቱ ያን ቀን ጉንጬ ደህና ነበር። እንደ ወትሮው ሮዝ ነገር እንጂ ቀይ አልነበረም። እዚያ ላይ ብተወው ኖሮ ይህን ሁሉ አላወራላችሁም ነበር። ግን ልወጣ ስል፣ አባና ጋሽ መኮንን ደጅ እየጠበቁኝ፣ ሁለት ነጭ ክኒን በውኃ ዋጥኩ። አንዷ ለቀኝ ጉንጭ፣ አንዷ ለግራ። የቀረውን ፌስታል ኪሴ ከተትኩ።

አቶ ፈይሳ ከዘመዶቻቸው ጋር ሳሎን ውስጥ ተደርድረው ጠበቁን። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው ሰላም አሉንና ወደ ጓዳው በር ገለል አሉ። እኛ ሦስታችን በተርታ ቆምን። ሽማግሌ ልመናው ሳይሰማ አይቀመጥም፤ ደንቡ ነው። አቶ ፈይሳ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና ፊቴ ላይ ቆሙ። ግንባራቸው ፈታ ሲል አየሁ፤ ልቤም አብሮ ፈታ አለ።

«እሺ፣ ምን ፈልጋችሁ መጣችሁ?» አሉ።

ጋሽ መኮንን ጉሮሯቸውን ጠረጉና ከአብርሃም ጀመሩ። አብርሃም ለይስሐቅ ሚስት ፍለጋ ሎሌውን ሲልክ፣ ሎሌው ግመሎቹን ሲጭን፣ ርብቃ እንስራ ይዛ ወደ ውኃው ስትወርድ... እዚያ ሲደርሱ ጆሮዬ ጋለ። ከጆሮዬ ወደ አንገቴ፣ ከአንገቴ ወደ ደረቴ፣ ሚጥሚጣ በመርፌ የሚወጉኝ መሰለኝ። ኋላ ሐኪሟ በትዝብት እንደነገረችኝ ያቺ ነጭ ክኒን ናያሲን የምትባል የቫይታሚን ቢ ዘር ሳትሆን አትቀርም፤ የደም ሥር እየከፈተች ጤነኛውን ሰው እንኳን ፍም ታስመስለዋለች። ሮዛሲያ ያለበት ሰው ሁለቱን ሲውጥ ምን እንደሚሆን እኔ ልንገራችሁ፤ ቆሞ መለመን አይችልም። እግሬን ቀያየርኩ። አንገቴን አከክሁ። ደረቴን በክራቫቴ አከክሁ። አባ በክርናቸው ጎሸሙኝ።

አቶ ፈይሳ እጃቸውን አነሡ። ጋሽ መኮንን ርብቃን ውኃው ዳር አቆሟት።

«አንተ!» አሉኝ።

«አቤት አባቴ።»

«ለዛሬ እንኳን መታገሥ አቃተህ?»

«አልጠጣሁም አባቴ።»

«ፊትህስ?»

«ቫይታሚን ነው።»

ከዘመዶቹ አንዱ ሳቀ። እኔ ማስረጃ ያለኝ ሰው ስለሆንኩ ኪሴ ገብቼ ፌስታሉን መዘዝኩና «ይኸው!» ብዬ ፊታቸው ላይ ዘረጋሁት። ከዘረጋሁት በኋላ ነው የገባኝ። ፊቱ የቀላ፣ ላብ ያጠመቀው፣ ገላውን የሚያክ ሰው፣ ስም የሌለው የተቀላቀለ ክኒን በፌስታል ይዞ ልጅ ሊለምን መጥቷል።

«ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም» አሉ አንዲት አሮጊት። «መጠጡ ሳያንስ ዕፅም ጨመረበት?»

«ልጄ መጠጥ አልቀመሰም» አሉ አባ። «ከቅዳሴ ጀምሮ አብሮኝ ነው። እንዲያው ይሸታል ከተባለም ዓሣ ነው የሚሸተው።»

አቶ ፈይሳ ተነሡ። አጠገቤ መጥተው «ተንፍስ» አሉኝ። ተነፈስኩ። እንደገና አስተነፈሱኝ። «ዓሣ» አሉ ወደ ዘመዶቻቸው ዞረው፤ ነገሩ ይበልጥ ግራ ገባቸው።

ያኔ እትዬ በላይነሽ ጋ ደወልኩና ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፈትኩት። «እትዬ፣ ያቺ ነጭ ክኒን የምን ነች? ፊቴ ነደደ!»

«ስንት ዋጥክ?»

«ሁለት!»

«ውይ በሞትኩት! እኔ እኮ አንዷን ብውጥ እሳት ለኮሰችብኝ፤ ሻርፔን አውልቄ በራፍ ላይ ነው ያደርኩት። አልተስማማችኝም።»

«ታዲያ ለምን ሰጠሽኝ?»

«ስላልተስማማችኝ ነዋ! ትጣል እንዴ የሰው አገር መድኃኒት?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አሮጊቷ ራሳቸው ሳቁ። ጋሽ መኮንን ይህን ጊዜ ተጠቅመው ወደ ርብቃ ሊመለሱ አፋቸውን ከፈቱ። አቶ ፈይሳ ግን አልሳቁም። «እሺ፣ ይሄ የዛሬው ነው» አሉ። «ያን ቀን ከታክሲ ስትወርድ ያየሁትስ? ያኔም ክኒን ነው?»

ልመልስ አፌን ስከፍት ናቲን አሰብኩት፤ ቤት ቁጭ ብሎ ስልኩን እያየ የሚጠብቀውን። በእኔ የተነሣ የሚወዳትን ሊያጣ ነው ብዬ ሆዴ ባባ፤ ሰው ፊት ላለቅስ ነበር።

«ልጄ» የሚል ድምፅ ከጓዳው በር መጣ። ወይዘሮ አስካለ ናቸው። «ሲሞቅህ ይብስብሃል?»

«አዎ እናቴ።»

«በርበሬ ስትቀምስ?»

«አዎ።»

«ሰው ትኩር ብሎ ሲያይህስ?»

«እሱማ ከሁሉም ይብሳል።»

«ሐኪም ምን አለህ?»

ነገርኳቸው። ስሙን፣ ቅባቱን፣ ፀሐዩን፣ ክኒን አያስፈልግህም ተብዬ እምቢ ማለቴን ሁሉ ነገርኳቸው። ሳይደናቀፍ የወጣልኝ ንግግር ያን ቀን እሱ ብቻ ነው።

«ጠብታ መጠጥ ያልነካ ሰውንም ይይዘዋል?»

«ይይዘዋል እናቴ። ሐኪሟ ራሷ ነግራኛለች።»

ወይዘሮ አስካለ ነጠላቸውን ከፊታቸው ወደ ትከሻቸው አወረዱት። ጉንጫቸው የእኔ ጉንጭ ነው። የእኔ ክኒን ያቀጣጠለው ነበር፤ የእሳቸው ዓመታት የቆየ፣ ደም ሥሩ እንደ ክር የተዘረጋ ነው።

«አስካለ...» አሉ አቶ ፈይሳ።

«ብርጭቆዬን ስታሸት አይሃለሁ፣ ፈይሳ» አሉ፤ ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ውኃ ጠጥቼ ሳስቀምጥ አንሥተህ ታሸታለህ። ወንድምህ ከሞተ ጀምሮ። ምን ልበልህ? አልጠጣሁም ብል ፊቴ ይመሰክርብኛል። ለቅሶ ቤት ስሄድ ተሸፍኜ፣ ሠርግ ስጠራ ታመምኩ ብዬ ኖርኩ።»

አሁንም ያሳክከኝ ነበር፤ እጄን ግን ማንሣት አልቻልኩም። በዚያ ሰዓት ያሳዘኑኝ ወይዘሮ አስካለ ናቸው ወይስ ባላቸው፣ እስካሁን አልለየሁትም። ሰውየው ክፉ አልነበሩም፤ አንዱን በመጠጥ ቀብረው ሌላዋን እንዳይቀብሩ የፈሩ ሰው ናቸው። በመጨረሻ ሶፋው ላይ አጠገባቸው ያለውን ቦታ በመዳፋቸው ጠረጉ።

«ታኢ» አሉ በኦሮምኛ፤ ወዲያው ደግሞ ለእኛ ጭምር እንዲሰማ፣ «ነይ፣ እዚህ ተቀመጪ።»

ወይዘሮ አስካለ መጡ። ሶፋውን ግን አልፈውት ወደ እኛ ተርታ መጥተው ከጎኔ ቆሙ። ወደ ጋሽ መኮንን ዞረው «ሽማግሌ ልመናው ሳይሰማ ይቀመጣል?» አሏቸው።

«አ... አይቀመጥም» አሉ ጋሽ መኮንን።

«እንግዲያው እኔም አልቀመጥም» አሉ ለባላቸው። «ልጄ የምትወደውን ልጅ የወንድሙ ፊት ቀላ ብለህ ልትከለክላት ነበር። ፊት አይቶ መፍረድ በእኔ ይብቃ።»

አቶ ፈይሳ አራታችንን በተራ አዩን። «ወጉ... ተመካክረን ቀጠሮ መስጠት ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

«ለእናንተ ይሆናል። እኔ የቆምኩት ዛሬ አይደለም፤ ቀጠሮ አልቀበልም።»

«ሰጥቻለሁ» አሉ አቶ ፈይሳ።

ያሉት ለአባ አይደለም፣ ለጋሽ መኮንንም አይደለም፣ እኔንማ ጨርሶ አላዩኝም። ዓይናቸው ከሚስታቸው ጉንጭ ላይ አልተነሣም። ወይዘሮ አስካለ ሄደው አጠገባቸው ተቀመጡ፤ ነጠላቸውን ግን ወደ ፊታቸው አልመለሱትም።